ከብቱ ያውቀናል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና የእንስሳት ሐኪሙ መልሶች

ወደዚህ አምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች ዘወትር ስለ መኖ፣ ስለ መዥገርና ስለ ክትባት የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ወር ግን ከብት አርቢው ከከብቶቹ ጋር ስላለው ቁርኝት የሚጠይቁ አራት ደብዳቤዎች ስለ ደረሱን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ርዝመታቸውን ለመቀነስ ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሰበታ አካባቢ ጥቂት የተዳቀሉ የወተት ላሞች አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የማልባቸው እኔው ነኝ። በቅርቡ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ወደ ነቀምቴ ስሄድ፣ ጎበዝ አላቢ ነው የተባለ ሰው ቀጥሬ ነበር። ስመለስ አንደኛዋ ላም ወተቷ በግማሽ ያህል ቀንሶ፣ ሰውየው ሲጠጋት የምትራገጥ ሆና አገኘኋት። እኔ ማለብ ከጀመርኩ በኋላ ግን ብዙም ሳትቆይ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ባለቤቴ «ናፍቀሻት ነው» ይለኛል፤ ልጆቼ ደግሞ ይስቁብኛል። ላም በእርግጥ ሰው ትለያለች?

መልስ፦ እህቴ፣ ላም ሰው መለየቷ የሚያጠራጥር አይደለም። በዴንማርክና በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሃያ አምስት ዓመታት በፊት ግድም ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። አንዱ ሰው ላሞቹን በእርጋታ እንዲይዝ፣ ሌላው ደግሞ እንዲያመናጭቅ ተደረገ፤ ላሞቹ ጥቂት ጊዜ ካዩ በኋላ ከሁለተኛው መሸሽ ጀመሩ። ሰዎቹን ለመለየት በለበሱት የሥራ ልብስ ቀለም ሲጠቀሙ፣ በሌሎች ሙከራዎች ደግሞ በቁመትና በፊት ገጽታም እንደሚጠቀሙ ታይቷል። ከዚህ ይልቅ እርስዎን የሚመለከተው፣ ያ የሚያመናጭቀው ሰው በሚታለቡበት ጊዜ አጠገባቸው ሲቆም ብቻ እንኳ፣ ምንም ሳይነካቸው፣ ከታለቡ በኋላ በግታቸው ውስጥ የሚቀረው ወተት ጨምሮ መገኘቱ ነው።

ምክንያቱ የሰውነት አሠራር ነው። በግት ውስጥ ካለው ወተት እጅ ሲስበው ወዲያው የሚወርደው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ወተት በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ እንዲወርድ ከአንጎል የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን መለቀቅ አለበት። ጥጃው ሲጎስማት፣ ወይም የለመደችው እጅ ግቷን አጥቦ ሲያሻሻት፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይለቀቃል፤ የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ላሟ ከፈራች ወይም ነገሩ እንግዳ ከሆነባት ኦክሲቶሲኑ እንደሚገባው አይለቀቅም፤ ድንጋጤ የሚያመጣው አድሬናሊን ደግሞ የተለቀቀውንም ሥራውን ያሰናክልበታል። የአገራችን ላሞች በዚህ ረገድ ይበልጥ ጥንቁቅ ናቸው። ጥጃው ቀድሞ ካልጠባ፣ ወይም ከፊቷ ካልቆመ፣ ወተቷን የምትይዘው ላም ብዙ ናት፤ ጥጃው የሞተባትን ላም ለማታለል ቆዳውን ጭድ ሞልተው አፍንጫዋ ሥር የሚያቆሙ አርቢዎችም በየቦታው አሉ። የእርስዎ ላም የተዳቀለች ብትሆንም ከእናቷ ወገን የወረሰችው ይህ ባሕርይ በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

እንግዲህ ባለቤትዎ ያሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጥቂት ማስተካከያ ግን ያስፈልገዋል። ላሟ ያጣችው እርስዎን ብቻ ሳይሆን ከእርስዎ ጋር የሚመጣውን ልማድ ሁሉ ነው፤ ሰዓቱን፣ ድምፅዎን፣ የእጅዎን አያያዝ፣ ባልዲው የሚቀመጥበትን ጎን ጭምር። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መፍትሔውን ስለሚያሳየን ነው። ሌላ ጊዜ ከቤት መራቅ ሲኖርብዎ አላቢው ቀደም ብሎ መጥቶ እርስዎ ሲያልቡ አጠገብዎ ይቁም፤ ፉርሽካውን በእጁ ያቅርብላት፤ ሲያልብም እርስዎ የሚለብሱትን ጋዋን ይልበስ። ከኋላዋ አይምጣ፤ ላም በዙሪያዋ ያለውን ከሞላ ጎደል ሁሉ የምታይ ብትሆንም ልክ ከጀርባዋ ያለው ግን አይታያትም፤ መራገጧም ከዚያ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። አንገቷን ከሥር በኩል ይከክላት። በኦስትሪያ በተደረገ ጥናት ላሞች ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ በዚህ ቦታ ሲታሹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ ጆሯቸውን ጥለው መቆማቸው ተመዝግቧል፤ እርስ በርስ ሲላላሱ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ወተት በድንገት ሲቀንስና ላም ስትራገጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግት በሽታ ነው። የእርስዎ ላም ያለ ሕክምና መመለሷ ይህን ጥርጣሬ ቢያዳክመውም፣ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ዕቃ ላይ አልበው እርጎ መሰል ነገር ወይም ውኃማነት እንዳለው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ የወተት ከብት እርባታ ልጀምር የተዘጋጀሁ ወጣት ነኝ። ስም የወጣላቸው ላሞች የበለጠ ወተት ይሰጣሉ የሚል ነገር ሰማሁ። እኔ በጆሮ ቁጥር ብቻ ለመለየት ነበር ያሰብኩት። ስም ላውጣ?

መልስ፦ የሰሙት በ2001 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው። ለ516 የወተት ከብት አርቢዎች መጠይቅ ቀርቦ፣ 46 በመቶ የሚሆኑት ላሞቻቸውን በስም እንደሚጠሩ ተናገሩ፤ በእነዚህ እርባታዎች አንዲት ላም በአንድ የአለባ ወቅት የምትሰጠው ወተት ከሌሎቹ በ258 ሊትር ይበልጥ ነበር። በአገራቸው አንዲት ላም በወቅቱ ብዙ ሺህ ሊትር የምትታለብ በመሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። ስሙ ወተት ይጨምራል ማለት ግን አይደለም። ላሙን በስም የሚጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያውቃታል፤ ትናንት ሳር ያልጨረሰችውን፣ ዛሬ እግሯን ያነሳችውን ለይቶ ያያል፤ ጥቅሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የጆሮ ቁጥሩ ለመዝገብ፣ ለክትባትና ለማዳቀል የግድ ያስፈልግዎታልና አይተዉት። ስሙንም ያውጡ፤ ወጪ የለውም። ገበሬዎቻችን ከብቱን ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ዳማ እያሉ በመልኩ የሚጠሩት ከሩቅ ለመለየት ስለሚያመች ነው፤ በጥቁርና ነጭ ሆልስታይን የተሞላ በረት ውስጥ ግን ሁሉም ቡሬ ስለሚሆን ሌላ መላ መፈለግ ይኖርብዎታል። ሠራተኛ ከቀጠሩ፣ ስሞቹን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ማወቁን ይጠይቁት፤ ካላወቀ ላሞቹንም አላያቸውም።

ጥያቄ፦ ይህን የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ በምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም አሁንም ያርሳሉ። ቡሬ የሚሉት ያረጀ በሬ አላቸው። ጥጃ ሳለ የጠበቅሁት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት አዲስ በሬ እንዲገዙ ገንዘብ ልኬ ገዙ፤ ቡሬን ግን ለመሸጥ አልፈቀዱም። ወንድሞቼ ገለባው ለሚያርሱት እንኳ እንደማይበቃ እየነገሩኝ ይማረራሉ። አባቴን ስጠይቃቸው «አንተን ያስተማረህ እርሱ አይደለም እንዴ?» ብለው ዝም አሰኙኝ። እኔ ደግሞ የማይገባኝ ነገር አለ። በየፋሲካው በሬ አርደን የምንበላ ሰዎች ነን። ፍቅሩ እውነት ከሆነ ይህ እንዴት አብሮ ይሄዳል? አባቴንስ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አባትዎን ከማስረዳትዎ በፊት እርሳቸው የሚያውቁትን መረዳት ይቀድማል።

አንድ ወይፈን አራት ዓመት ግድም ሲሞላው ይቃናል። ቀንበሩን እስኪለምድ ድረስ ሥራውን ከሚያውቅ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ መጀመሪያ ላይ ይተኛል፣ ይሸሻል፣ ቀንበሩን ጠምዝዞ ለመውጣት ይታገላል። በዚህ ጊዜ የሚመታው ገበሬ ዕድሜ ልኩን የሚያስቸግር በሬ ያተርፋል፤ የሚታገሠው ደግሞ በኋላ ጅራፉን ለማጮኽ ብቻ የሚይዝለት በሬ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ አብሮ መዋል ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፤ አራሹ አንድ እጁን በዕርፉ ላይ አድርጎ ከኋላ እየተከተለ ቀኑን ሙሉ ያናግራቸዋል፣ ያሞግሳቸዋል፣ ይቆጣቸዋል። በሬው የቀንበሩን የትኛውን ጎን እንደሚይዝ ያውቃል፤ ከማሳው ዳር ሲደርስ ሳይነገረው ይዞራል፤ ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው ሞፈሩ ከመሰበሩ በፊት ቆሞ ይጠብቃል። አባትዎ ይህን ሁሉ ከቡሬ ጋር ለዓመታት ኖረውበታል። ከማንኛውም ጎረቤታቸው ጋር ይህን ያህል ሰዓት አብረው ስለ መዋላቸው እጠራጠራለሁ።

ከዚህ በላይ ደግሞ በሬ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው። በሬ አንድ ብቻ የቀረው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ ተራ ጠብቆ ያርሳል፤ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅለትም። አያቶቻቸው ያወረሷቸው ትዝታ ከዚህም የከፋ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ አገሩን ሲያዳርስ አብዛኛው ከብት አለቀ፤ ማረሻውን የሚጎትት ስላልነበረ ረኃብ ተከተለ፤ ሕዝቡም ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን የሞከሩት በዚያን ጊዜ ነበር። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አባትዎ «አስተማረህ» ሲሉ የትምህርት ቤት ወጪውን ብቻ እያሰቡ አይመስለኝም፤ ቤቱ የቆመው በበሬው መሆኑን እየነገሩዎት ነው።

ስለ ዕርዱ የጠየቁኝ ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኔም ቀላል መልስ አልሰጥዎትም። ከብት አርቢ ከብቱን የሚወደው ስለሚጠቅመው ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ከልቡ የሚወድ ቢሆን ኖሮ ለቢላዋ ባልሰጠው ነበር ይላሉ። ይህን የሚሉት ሁለቱን ነገሮች በየተለያየ ቦታ የሚያገኙ ሰዎች መሆናቸውን ታዝቤአለሁ፤ የሚወዱት እንስሳ ሳሎን ውስጥ አለ፣ የሚበሉት ሥጋ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ገበሬው ሁለቱም በአንድ በረት ውስጥ ስላሉበት መሸሻ የለውም። የራሱን መንገድ ግን ያበጃል። ለበዓል ቅርጫ የሚሆነውን ሰንጋ ከገበያ ገዝቶ፣ ያረሰለትን በሬ ለማያውቀው ሰው የሚሸጥ፣ ሥጋው ከመንደሩ እንዳይዞር የሚለምን፣ ቢዞርም ከመደቡ የማይነሣ ገበሬ ጥቂት አይደለም። በጋምቤላ ኑዌሮች ዘንድ ወጣቱ ወደ ጉልምስና ሲሻገር የሚሰጠው በሬ መልክ የራሱ መጠሪያ ይሆናል፤ በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎችም አንድ ሰው የሚመርጠው በሬ መልክ ከስሙ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱም ግን ከብት የሚያርዱና የሚበሉ ሕዝቦች ናቸው። ሐዘኑ እውነት ነው፤ መብላቱም እውነት ነው። እኔ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ገለባው እንምጣ፤ ወንድሞችዎ የሚያነሡት ነገር እውነት አለውና። ያረጀ በሬ መንጋጋው ስለሚያልቅ የበላውን በደንብ አያልምም፤ ገለባ ቢቀርብለትም እየከሳ ይሄዳል፤ የበጋው መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ይቸገራል። እንዲህ ባለ በሬ ላይ መጨከን የሚሆነው መሸጡ ብቻ አይደለም፤ ሳይሸጥ፣ ሳይመገብ፣ ሳይነሣ ተኝቶ እስኪቀር መተውም ጭካኔ ነው። ለአባትዎ ይህን ከሩቅ ሆነው በስልክ አይንገሯቸው፤ ከእርስዎ ይልቅ ያውቁታል። ይልቅስ «ቡሬ ዘንድሮ እንዴት ነው? ያመሰኳል? ሲነሣ ይቸገራል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ውሳኔው ከእርሳቸው አፍ ይውጣ።

ጉልበት ካለው ደግሞ ሥራ አለው። አዲስ የተገዛው በሬ ገና ወይፈን ከሆነ ከቡሬ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም፤ ለአጭር ሰዓት፣ በቀላል አፈር ላይ አብረው ይጠመዱ። ለእርሱ የሚበላው ነገር በቀላሉ የሚታኘክ ይሁንለት፤ አተላ፣ ፉርሽካ፣ ጥቂት ፋጉሎ። በሬ ለመግዣ የላኩትን ያህል ሳይሆን ጥቂቱን ለመኖ ቢልኩ የወንድሞችዎ ምሬት ይቀንሳል፤ የአባትዎም ክብር ይጠበቃል።

መሸጡ ከተወሰነ ደግሞ ስጋ ሳለው፣ በቅርብ ላለ ሰው ይሸጥ። በሬ ወደፊት የሚገጥመውን አያውቅም፤ የሚያሠቃየው መንገዱ ነው፤ በማያውቃቸው ከብቶች መካከል አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ውኃ ሳያገኝ፣ እየተንገዳገደ መሄዱ። የሚያውቀው ሰው እየነዳው፣ ከቀንበር ጓደኛው ጋር እስከ ገዢው ደጅ ቢደርስ ከዚህ ሁሉ ይድናል። ጓደኛው ሲመለስ ለጥቂት ቀናት ሊያጓራና ሳር ሊተው ይችላል፤ ከሌላ ከብት ጋር እንዲውል ያድርጉ እንጂ ለብቻው አይሰር።

ጥያቄ፦ አጎቴ ያቤሎ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ ባለ ብዙ ከብት ቦረና ናቸው። በድርቁ ጊዜ ከብቶቻቸው ከሞላ ጎደል አልቀዋል። ከእኛ ጋር አዲስ አበባ እንዲኖሩ ብናመጣቸውም ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ በሌሊት ተነሥተው ይወጣሉ። የጠፋውን የሚተካ ገንዘብ ለመስጠት ብንሞክርም አልተቀበሉንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቦረናዎች ገና የሚሉት ዋናው ዝናብም ሐገያ የሚሉት አጭሩ ዝናብም በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ የቦረና አርቢ ያየው ነገር በገንዘብ ኪሣራ ብቻ የሚለካ አይደለም። አጎትዎ እያንዳንዷን ላም ከእናቷ፣ ከአያቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ የማን ስጦታ እንደነበረች፣ ለማን ጥሎሽ እንደምትሄድ ያውቃሉ። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ሰዎቹ በደረጃ ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ውኃ ሲያወጡ፣ ከብቱ በየመንጋው ተራውን ጠብቆ ይወርዳል፤ የራሱን ሰው ድምፅ ሲሰማ ይመጣል። እርሳቸው በሌሊት የሚነሡት ምናልባት የበረቱ ሰዓት ስለሆነ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ሰዓት ሲነሡ ኖረዋልና።

የሚያንቀላፉበትንና የሚበሉትን ይከታተሉ። ምግብ ከተዉ፣ ወይም ስለ ሞት ደጋግመው ካነሡ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሰው ሐኪም የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ አይዘግዩ። ከዚያ ውጪ ግን ስለ ከብቶቹ እንዲያወሩ ይፍቀዱላቸው። «ይረሱት» ብለው ወሬ አይለውጡባቸው፤ የትኛዋ መጨረሻ እንደሞተች መናገር ከፈለጉ ይስሟቸው።

ገንዘቡን ያልተቀበሉትም በትዕቢት አይደለም ብዬ እገምታለሁ። በቦረና ባህል ከብቱን ያጣ ሰው የሚቋቋመው ጎሳው ተሰብስቦ ከብት በማዋጣት ነው፤ ይህ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ጊደር ሰውየው አሁንም ከብት አርቢ፣ አሁንም የጎሳው ሰው መሆኑን ይመሰክርለታል፤ ከከተማ ዘመድ በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ይህን አይመሰክርም። ስለዚህ ገንዘቡን ለአጎትዎ ከመስጠት ይልቅ በጎሳው ሽማግሌዎች በኩል ድርሻችሁን አዋጡ። ዝናቡ ተመልሶ ግጦሹ አገግሞ ከሆነ፣ እርሳቸውም ቢፈቅዱ፣ ወደ ያቤሎ ይዘዋቸው ሂዱ። ጊደሯን እናንተ አትምረጡላቸው፤ ከተዋጣው መካከል ራሳቸው አይተው፣ ቀንዷንና ግቷን መርምረው፣ ስለ እናቷ ጠይቀው ይምረጡ። የትኛዋን እንደመረጡና ለምን እንደመረጧት ሲያስረዷችሁ ምሽቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ቸኩላችሁ አትሂዱ።